ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮና ስለ ማርሽ እጀታው አጭር ታሪክ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንዱ የተጻፈ

በትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ክፍል ጓሮ፥ ከባሕር ዛፎቹ ሥር የቆመችውን አሮጌ ሸቭሮሌ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለንም። መኪናይቱ በ1964 የተሠራች ናት፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቅልን እንለምናለን። አንድ በጎ አድራጊ ወላጅ መማሪያ ትሁናቸው ብለው ከሰጡን ቀን ጀምሮ፥ በዕድሜ አያታችን ብትሆንም፥ እኛ እንደ ክፍል ጓደኛ ቈጥረናት ኖረናል።

ይህችው መኪና ባለፈው ዓመት ሰው ልትገድልብን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለሁለት ማርሽ የሆነው የጥንቱ አውቶማቲክ ካምቢዮዋ ስለ ተበላሸ፥ ከሌላ ወዳቂ መኪና የወጣ ባለሦስት ማርሽ ካምቢዮ ተገኝቶ እኛው ገጠምንላት። ካምቢዮውን መግጠሙ ከባድ ቢሆንም ተሳካ። የቀረው ከመሪው ሥር ያለውን የማርሽ እጀታ ከአዲሱ ካምቢዮ ጋር በዘንግ ማገናኘት ብቻ ነበርና ይህን እንደ ቀላል ነገር ቈጥረን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስነው። ሞተሩ ተነሣ፤ ደስታችንም ወሰን አልነበረውም። እጀታው ፒ በሚለው ፊደል ላይ፥ ማለት መቆሚያው ላይ እንዳለ፥ ከመካከላችን አንዱ ወርዶ በሩን ጠበቅ አድርጎ ዘጋው። በዚያን ጊዜ መኪናይቱ አንዴ ንቅንቅ አለችና ማንም ሳይነካት ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ከበስተኋላዋ የግቢያችን ዘበኛ አባባ ለአትክልቱ ውሃ ይቀዱ ነበር። ጩኸታችንን ሰምተው በዚያ ዕድሜያቸው ዘለው ዞር ባይሉ ኖሮ ይህ ጽሑፍ በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ ባልወጣም ነበር። ባልዲያቸው ተጨፈለቀ፤ መኪናይቱም የቧንቧውን ግንብ ገጭታ ቆመች።

መምህራችን በቍጣ ፈንታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን። «መኪናይቱ ቆማለች ብሎ የነገራችሁ ማነው?» አሉ። «ፊደሉ ነው፥ ጋሼ» አልን። «ፊደሉንስ ማን ነገረው?» አሉን። መልስ ስላልነበረን ታሪኩን ፈልገን እንድንጽፍ አዘዙን። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ትእዛዝ ፍሬ ነው።

ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ሁሉ ማርሽ የሚያስፈልገው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጕልበት ስለሚያንሰው ነው። ዳገት ሲመጣ መንኰራኵሩ በዝግታ፥ ሞተሩ ግን በፍጥነት እንዲዞር ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ሹፌሩ በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ፥ በእጁ ማርሹን ይለውጣል። በዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሣ፤ ካምቢዮ፥ ማርሽ፥ ፍሪሲዮን፥ ፎሌ፥ ዳዶ፥ ቡሎን፥ ሞላ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የጋራዥ ሰው ጣልያንኛ አላውቅም ቢልም ቀኑን ሙሉ ሲናገረው ይውላል።

የግራ እግርንና የቀኝ እጅን ከዚህ ድካም ለማሳረፍ የተደረገው ሙከራ ከአውቶሞቢል ዕድሜ ብዙም አያንስም። በ1904 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የስተርቴቫንት ወንድማማች የሚባሉ ሰዎች ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ በሚወረወሩ ክብደቶች አማካይነት ማርሹን በራሱ የሚለውጥ ካምቢዮ ሠርተው ነበር። ነገር ግን የዚያ ዘመን ብረት ያን ሁሉ ውርወራ አልቻለምና ክብደቶቹ እየተገነጠሉ አስቸገሩ። በ1905 ደግሞ ሄርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ፥ ስለ መኪና ሳይሆን ስለ መርከብ እያሰበ፥ ኀይልን በፈሳሽ የማስተላለፍን ዘዴ አስመዘገበ። ዘዴውን ለመረዳት ሁለት የነፋስ ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው እናስብ፤ አንደኛው ሲዞር የሚያመነጨው ነፋስ ሁለተኛውን ያዞረዋል። በነፋሱ ፈንታ ዘይት ተተክቶ ሁለቱ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲታሸጉ የፎቲንገር ሥራ ይሆናል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዘይቱ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሊሠራ ይችላል። ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግርም አያስፈልግም።

ይህን የፈሳሽ መገጣጠሚያ ከሚለዋወጡ ማርሾች ጋር አዋሕዶ ለሕዝብ በብዛት የሸጠው የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ነው። የሥራው መሪ ኧርል ቶምፕሰን ሲሆን፥ ይኸው ሰው ቀደም ብሎ ማርሽ ሲገባ እንዳይንጫጫ የሚያደርገውን ሲንክሮሜሽ የፈለሰፈ ነው፤ ካዲላክም በ1928 ተጠቅሞበታል። አዲሱ ካምቢዮ ሃይድራማቲክ ተባለ፤ በ1939 መጨረሻ ለ1940 ኦልድስሞቢል ቀረበ፤ ገዢው በመኪናው ዋጋ ላይ 57 ዶላር ጨምሮ ይወስደው ነበር። አራት የፊት ማርሾች ነበሩት፤ አራቱንም ያለ ሹፌሩ እጅ ይለዋውጥ ነበር። ወዲያውም ጦርነት መጣና ይኸው ካምቢዮ ከካዲላክ ሞተሮች ጋር ሁለት ሁለት እየሆነ በአሜሪካ ኤም 5 ቀላል ታንኮች ውስጥ ገባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመጣለን። ካምቢዮው ማርሹን ራሱ ይምረጥ እንጂ የሹፌሩን ፈቃድ ሊያውቅ አይችልም። ወደ ፊት ልሂድን፥ ወደ ኋላ ልሂድን፥ ልቁምን የሚለውን መናገር የሰው ሥራ ሆኖ ቀረ። ይህን ቃል ከሹፌሩ እጅ ወደ ካምቢዮው የሚወስደው መልእክተኛ ደግሞ ጥቂት ዘንጎች፥ ክንዶች፥ ዳዶዎችና ቀለበቶች ናቸው። በካምቢዮው ጎን አንድ ክንድ አለ። ክንዱ በውስጥ በኩል ማበጠሪያ የመሰለ ጥርሳም ብረት ያዞራል፤ በሞላ የተገፋ ትንሽ ተሽከርካሪ በጥርሶቹ መካከል እየወደቀ እያንዳንዱን ቦታ በጭብጥ ያስይዛል። ያው ብረት የዘይቱን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ ይስባል፤ በመጨረሻውም ቦታ ላይ መቀርቀሪያ ወርዶ የሚወጣውን ዘንግ ይቈልፋል። ስለዚህ እውነቱ ያለው በካምቢዮው ውስጥ፥ በማበጠሪያው ጥርሶች መካከል ነው። በሹፌሩ ፊት ያለው ፊደል የእውነቱ ወሬ ነው። መልእክተኛው ቢያረጅ ወይም ቢወላገድ ወሬው ከእውነቱ ይለያል።

የመጀመሪያው ሃይድራማቲክ መቆሚያ የሚባል ቦታ እንኳ አልነበረውም። እጀታው ከፎሌ ጀምሮ ወደ ፊት መሄጃው፥ ቀጥሎ ወደ ዝቅተኛው፥ በመጨረሻም ወደ ኋላ መሄጃው ይወርድ ነበር፤ ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ለመሄድ ሲፈልግ ሞተሩን አጥፍቶ የኋላ ማርሽ ላይ ያደርገዋል፥ በዚያ ይቈለፋል። በ1948 የመጣው የቢዊክ ዳይናፍሎ መቆሚያ ጨመረ፤ በ1950 በርካሽ መኪና ላይ ቀድሞ የወጣው የሸቭሮሌ ፓወርግላይድም እንዲሁ። የሁለቱም ተራ ፒ፥ ኤን፥ ዲ፥ ኤል፥ አር ነበር። የኋላ ማርሽ ከዝቅተኛው የፊት ማርሽ ጎን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ይህ የተደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ መኪና በጭቃ ወይም በበረዶ ሲያዝ ሹፌሩ ፊትና ኋላ ቶሎ ቶሎ እያመላለሰ እንዲያወጣው ያመቻል። በክረምት የጭቃ መንገድ የተጓዘ ሰው የዚህን ጥቅም አይክድም። ነገር ግን ቍልቍለት ሲወርድ ዝቅተኛውን ማርሽ የፈለገ ሹፌር እጁ ትንሽ ቢያልፍበት ወደ ኋላ ማርሽ ይገባል።

በ1951 የፎርድ ኩባንያ ፎርዶማቲክ የተባለውን ሲያወጣ ተራውን ለውጦ ፒ፥ አር፥ ኤን፥ ዲ፥ ኤል አደረገው፤ በፊትና በኋላ መካከል ፎሌ ገባ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ችግሩ እጥፍ ሆነ። በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ዓይነት ተራ ያላቸው መኪኖች ይሄዱ ጀመር። የአንዱን ልማድ በእጁ ይዞ በሌላው ላይ የተቀመጠ ሰው፥ ዓይኑን ከመንገድ ሳያነሣ እጁን እንደ ለመደው ሲያንቀሳቅስ፥ ወደ ፊት ያሰበው ወደ ኋላ ይሄድበታል። እጅ ደግሞ ከዓይን ይልቅ ልማዱን አጥብቆ የሚይዝ ነው፤ ይህን ለማወቅ የመጻፊያ ጠረጴዛውን መሳቢያ ሌላ ሰው ያለዋወጠበት ጸሓፊ መጠየቅ ይበቃል።

አንዳንዶቹ ኩባንያዎች እጀታውን ጨርሶ መተው ይሻላል አሉ። የክራይስለር መኪኖች ከ1956 እስከ 1964 ድረስ በመሪው ግራ በኩል በተደረደሩ ቍልፎች ይታዘዙ ነበር። ቍልፎቹን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው በቱቦ ውስጥ የሚሳብ የብረት ገመድ ነው፤ በብስክሌት ፍሬን ላይ የምናየው ዓይነት። እንደ ሰማነው ይህ ሥራ ቀላልና የማይበላሽ ስለ ነበር የእነዚያ መኪኖች ወዳጆች ዛሬም ይመሰግኑታል። የሶቪየት ኅብረት ቻይካም እንዲህ ያለ ቍልፍ ይዞ እስከ 1981 ተሠርቷል። የፎርድ ኩባንያ ልጅ የነበረው ኤድሰል ግን በ1958 ቍልፎቹን ከመሪው እምብርት ላይ፥ ጥሩምባ በሚነፋበት ቦታ አደረጋቸውና ካምቢዮውን በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲታዘዝ አደረገ። ያ ሞተር መኪናው ዳገት ላይ ከቆመ መቀርቀሪያውን ከጥርሱ መንቀል ይከብደው ነበርና ሹፌሮች አስቀድመው የእጅ ፍሬን እንዲይዙ ይመከሩ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቀረ። እኛ ይህን ስናነብ ሣቅን፤ በኋላ ግን የራሳችን ሥራ ትዝ አለንና ሣቃችንን አቆምን።

የፊደሎቹን ተራ አንድ ያደረገው ፋብሪካ ሳይሆን ሕግ ነው። በ1964 የአሜሪካ ምክር ቤት መንግሥት የሚገዛቸው መኪኖች የደኅንነት ደንብ ይኑራቸው ብሎ ወሰነ፤ መንግሥትም ብዙ መኪና የሚገዛ ደንበኛ ስለሆነ የጠየቀውን ፋብሪካዎቹ ለሌላውም ሰው መሥራት ግድ ሆነባቸው። በ1965 መጨረሻ ራልፍ ኔደር የተባለው ጠበቃ ስለ አሜሪካ መኪኖች አደገኛነት ያሳተመው መጽሐፍ አገሩን አነጋገረ። በመስከረም 1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመኪና ደኅንነት ሕግን ፈረሙ። በዚያም ሕግ መሠረት ከጥር 1 ቀን 1968 ጀምሮ የጸናው ደንብ ቍጥር 102፥ ፎሌ በፊትና በኋላ መካከል ይሁን፤ መቆሚያ ካለ በጫፍ፥ ከኋላ ማርሽ አጠገብ ይሁን፤ እጀታው መሄጃ ቦታ ላይ ሳለ ሞተሩ አይነሣ ብሎ አዘዘ። ዛሬ በከተማችን ጎዳና የሚሄደው አውቶማቲክ መኪና፥ ከጃፓንም ይምጣ ከኮሪያ፥ ይህንኑ ተራ ይዞ እናየዋለን።

ሆኖም ሕጉ የፊደሎቹን ተራ አስተካከለ እንጂ መልእክተኛውን አላስተካከለም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በፎርድ መኪኖች ላይ አንድ ዓይነት አቤቱታ ተደጋገመ፤ መቆሚያ ላይ ያደረግሁት መኪና በራሱ ወደ ኋላ ሄደ የሚል ነው። የተጠረጠረው ምክንያት እጀታው መቆሚያ ላይ የደረሰ እየመሰለ፥ የካምቢዮው ማበጠሪያ ግን በመቆሚያና በኋላ ማርሽ መካከል ባለው ጥርስ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው። እንዲህ የተንጠለጠለ ነገር የሞተር መንቀጥቀጥ ወይም የበር መዘጋት ይበቃዋል፤ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ማርሽ ይወድቃል። ብዙ ሰዎች ሞቱ፥ ቈሰሉም። ኩባንያው ጥፋቱ የመኪናው አይደለም፥ እጀታውን በሚገባ ያላስገቡት የሹፌሮቹ ነው ብሎ ተከራከረ። በ1980 መጨረሻ ከአሜሪካ የመጓጓዣ ሚኒስቴር ጋር በተደረገው ስምምነት መኪኖቹ ለጥገና አልተጠሩም፤ ለ23 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ባለቤቶች በመሪው አጠገብ የሚለጠፍ የማስጠንቀቂያ ወረቀት በፖስታ ተላከላቸው። እኛ ፈራጆች አይደለንም፤ ግን ባልዲውን ካየን በኋላ ወረቀት ይበቃል ለማለት አፋችን አልደፈረም።

ዘመኑ ሲለወጥ ዘንጉም ገመዱም ቀርቶ ትእዛዙ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄድበት እጀታ መጣ። የጥንቱ ጉዳይ ግን አብሮ መጣ። በ2016 የፊያት ክራይስለር ኩባንያ ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለማስተካከል ጠራ፤ እጀታቸው ከተነካ በኋላ ሁልጊዜ ወደ መካከል ስለሚመለስ ሹፌሩ መቆሚያ ላይ መሆኑን በእጁ ስሜት ማወቅ አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አንቶን የልችን የተባለ ወጣት የፊልም ተዋናይ ከእነዚሁ መኪኖች አንዱ ከቤቱ ደጃፍ ቍልቍለት ተንከባሎበት ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ መፍቻና ካቻቢቴ ይዘን ከመኪናይቱ ሥር ተመልሰን ገባን። ጥፋቱ የእኛው እንደ ነበረ ለማወቅ አንድ ሰዓት አልፈጀም። አሮጌው ፓወርግላይድ አምስት ቦታ ነበረው፤ አዲሱ ካምቢዮ፥ ከ1969 ጀምሮ የተሠራው ቱርቦ ሃይድራማቲክ 350፥ ስድስት አለው። የእጀታው ጕዞ ግን ያው የድሮው ነው። ስለዚህ ስድስተኛውን ቦታ ለማግኘት ስንል በካምቢዮው ክንድ ላይ ወደ እምብርቱ የቀረበ አዲስ ቀዳዳ በስተን ዘንጉን በዚያ አስረነው ነበር። ክንድ ሲያጥር በትንሽ ጕዞ ብዙ ይዞራልና ሐሳቡ ትክክል ነበር። ያላሰብነው ግን ክንድ ሲያጥር ስሕተትም አብሮ የሚያድግ መሆኑን ነው። ለምሳሌ ዘንጉ የሚታሰርበት ቀለበት ተበልቶ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ቢኖረው፥ በ75 ሚሊሜትር ክንድ ላይ 2.3 ዲግሪ ያህል ያጎድላል፤ ክንዱ 50 ሚሊሜትር ሲሆን ግን ጕድለቱ 3.4 ዲግሪ ይደርሳል። የእኛ ቀለበቶች በ1964 የተገጠሙት ራሳቸው ነበሩ።

ሁለተኛው ስሕተታችን ከዚህ የባሰ ነው። ዘንጉን ስናስር የጀመርነው ከፊደሉ ነበር፤ እጀታውን ፒ ላይ አድርገን ካምቢዮው ይከተላል ብለን ዳዶውን አጠበቅነው። መሆን የነበረበት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፥ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፥ ዘንጉ ተፈትቶ፥ በመጀመሪያ የካምቢዮውን ክንድ በእጅ እስከ መጨረሻው ገፍቶ መቀርቀሪያው መውረዱን መኪናይቱን በመግፋት ማረጋገጥ ያሻል። ከዚያ በኋላ እጀታው ወደ ፒ ይመጣል፤ ዘንጉ ሳይጎተትና ሳይገፋ በሚገጥምበት ልክ ዳዶው ይጠብቃል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቦታ አንድ በአንድ ይፈተሻል፤ ከሥር የተኛው የማበጠሪያውን ጭብጥ በክንዱ ላይ ይዳስሳል፥ መሪው ላይ ያለው ፊደሉን ያነባል።

ሌላም ነገር አገኘን። እጀታው መሄጃ ላይ ሳለ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚከለክለው ማብሪያ በእኛ መኪና ላይ ያለው በካምቢዮው ሳይሆን በመሪው ቱቦ ላይ ነው። እርሱም እንደ እኛው ወሬውን የሚያምን ዘበኛ ነበር ማለት ነው፤ ዘንጉ ሲዋሽ አብሮ ይዋሻል። ስለዚህ ቀለበቶቹን በአዲስ ለወጥን፤ ዘንጉን እንደ ገና አሰርን፤ ማብሪያውንም በየቦታው ሞክረን ሞተሩ በመቆሚያና በፎሌ ብቻ መነሣቱን አየን። በሩንም ሃያ ጊዜ ያህል በኀይል ዘጋነው። መኪናይቱ አልተነቃነቀችም።

የቀረው የፊደሉ ሰሌዳ ነበር። አምስት ፊደል ያለው ሰሌዳ ለስድስት ቦታ ሊሆን አልቻለም፤ ፒ ብቻ ከቦታው ሲውል ሌሎቹ ሁሉ ከእውነተኛው ቦታ ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ሰሌዳውን ፍቀን በአዲስ ለመጻፍ ስንነሣ አንዱ ጓደኛችን በአማርኛ ይሁን አለ፤ ቍም፥ ኋላ፥ ፎሌ፥ ፊት፤ ከዚያም ሁለቱ ዝቅተኛ ማርሾች። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ገሚሱ፥ ያን ሁሉ ሰው የጎዳው የፊደል መለያየት አይደለምን፥ እንግዳ ሰው ቢነዳትስ አለ። ገሚሱ ደግሞ ጉዳቱ የመጣው ከተራው እንጂ ከፊደሉ መልክ አይደለም ብሎ መለሰ። መምህራችን ሁለቱንም ወገን ሰምተው ተራው እስካልተነካ ድረስ ፈቀዱልን። አሁን በሰሌዳው ላይ ቍ፥ ኋ፥ ፎ፥ ፊ፥ 2፥ 1 ተብሎ በነጭ ቀለም ተጽፏል። የሥዕል ክፍሉ ጓደኛችን እጅ ጥቂት ስለ ተንቀጠቀጠ ፎ ወደ ጎን ዘንበል ብላለች።

በወላጆች ቀን መኪናይቱ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረች። ዘበኛው አባባ ከገዛንላቸው አዲስ ባልዲ ጋር በሩ አጠገብ ቆመው አዩዋት፤ በስተኋላዋ በኩል እንዲያልፉ ብንጋብዛቸው ግን «በፊት በኩል እዞራለሁ፥ ልጆቼ» ብለው ሄዱ።